የእንጨት ተማሪው ዳስ

«ምን ትማራለህ?» ሲባል የሰው ሁሉ መልስ አፉ ላይ ነው። «ሕግ።» አለቀ። «ነርስነት።» ተባረኪ፣ እግዜር ያሳድግሽ። እኔን የጠየቀኝ ሰው ግን መጀመሪያ ወንበር ፈልጎ ቢቀመጥ ይሻለዋል። «የእንጨት ውጤቶች አስተዳደር» ስለው በቅድሚያ ይስቃል። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ፊቱ ይጠቁራል። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ ገና ልጅ ነህ፣ ሌላም ይገኛል» ይለኛል። ልቅሶ ሊደርሰኝ የመጣ ነው የሚመስለው።

እውነቱን ለመናገር አልፈርድባቸውም። እንጨት የምማረው የት ሆኜ ነው? ፔታሕ ቲክቫ፣ ዕብራይስጥ በሚነገርበት ሞቃት ከተማ! እዚህ አገር ዛፍ የለም አልልም፣ አለ። ግን ብዙው ለአንድ ሰው መታሰቢያ ተብሎ የተተከለ ስለሆነ፣ ልቁረጠው ብትሉ ዘመድ አዝማድ ይነሣባችኋል። እንጨት የሚባለው በመርከብ ተጭኖ ነው የሚመጣ። ዩኒቨርሲቲውም እንደ እንጨቱ ባሕር ማዶ ነው። መምህሬ ካፖርታቸውን ደርበው ከበረዶ አገር ሆነው በስክሪን ስለ ጥድ ያስተምሩኛል፤ እኔ በካናቴራ ተቀምጬ ላቤን እየጠረግሁ፣ በረዶ ጥድን እንዴት እንደሚጎዳ እጽፋለሁ። አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለ ዛፍ የማላውቀው የለም፤ ብቻ ነክቼው አላውቅም።

ምን ከዚያ ከተተህ ትሉኝ ይሆናል። ቀን ቀን ኪርያት አርዬ በሚባል የፋብሪካ ሰፈር፣ አንድ መሐሳን ውስጥ ነው የምሠራው። መጋዘን ነው እንግዲህ፤ ሚሽታሕ የሚሉትን፣ ዕቃ የሚጫንበትን የእንጨት መደብ፣ አስደረድራለሁ። አለቃዬ አንድ ቀን «ቶአር ያለው ሰው ቢሮ ይገባል» ብሎ ነገረኝ። ቶአር ማለት ዲግሪ ነው። ቢሮ ማለት ደግሞ አየር ማቀዝቀዣው የሚሠራበት ክፍል ማለት ነው። ሌላው ለዕውቀት ይማራል፣ እኔ ለነፋስ ተማርኩ።

እናቴ ይህን ሁሉ ለሰው ማስረዳት ሲሰለቻት አሳጠረችው። መጀመሪያ «ልጄ የእንጨት መሐንዲስ ነው» አለች። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ «የደን ዶክተር» ሆኜ ተገኘሁ። ከዚያ ወዲያ የሰፈራችን የክፋር አቭራሃም ቁም ሣጥን ሁሉ ታመመ። መሳቢያዋ አልዘጋ ያላት፣ በሯ የሚጮኽባት፣ ወንበሯ የሚወላገድባት ሁሉ ስልኬን ያዘች።

«እማማ፣ እኔ እኮ የምማረው አስተዳደር ነው፤ በር አልጠግንም» እላቸዋለሁ አንዲት ጎረቤታችንን።

«በሩ ታዲያ ከምን ተሠራ፣ ከሽንኩርት?»

ሄድኩና ጠገንኩላቸው። ያ በር ከዚያ ቀን ወዲህ ጮኾ አያውቅም። ተከፍቶም አያውቅም።

ሺራ የምትባል ልጅ ግን ምን እንደምማር ስነግራት አልሳቀችም፣ አላዘነችልኝም። ትንሽ አሰበችና፣ «እንጨት ነው እኮ፣ የሌለበት ቤት የለም። ያፌ፣ ቆንጆ ነው» አለችኝ። እዚያው ወደቅሁላት። በዚህ ዓለም ትምህርቴን የተረዳችልኝ አንዲት ሴት እሷ ናት፤ መምህሬን ጨምራችሁ ቁጠሩ። አባቴም «አንድ እንጨት አይነድም፣ ያላ፣ አግባ» ይለኝ ስለነበር፣ ሽማግሌ ወደ ጊቫት ሽሙኤል፣ ወደ ሺራ አባት ቤት ተላከ።

የሺራ አባት አባ አድማሱ ይባላሉ። የትግራይ ሰው ናቸው፤ ሲጫወቱ በአማርኛ፣ ሲጸልዩ በዕብራይስጥ፣ ሲናደዱ በትግርኛ ነው። የበዓል ሕግ ላይ እንደሳቸው ጥንቁቅ ሰው የለም፤ ምኵራቡ ውስጥ ከፊተኛው ወንበር ተነሥተው አያውቁም። ሽማግሎቹ እፊታቸው ቁጭ ብለው ሰባት ትውልድ ተቆጠረ። ዝምድና አልተገኘም፣ እፎይ ተባለ። ከዚያ «ልጁ ምን ይሠራል?» ተጠየቀ። ሽማግሎቹ እናቴ አጥንታ የላከቻቸውን ሳያዛንፉ ተናገሩ፤ «የእንጨት ሊቅ ነው።»

«ሊቅ?» አሉ አባ አድማሱ። «እንግዲያው ለዳሱ በዓል፣ ለሱኮት፣ ሱካውን ራሱ ይሥራ። መጥቼ እቀመጥበታለሁ። መልሴን እዚያው ትሰማላችሁ።»

ይኸው ነው። ሺራን ማግኘቴና ማጣቴ በአንድ ዳስ ላይ ተንጠለጠለ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔን ደግሞ ሊቅ ሊቅ ቢሉኝ ኮምፒዩተር ከፈትኩ። ዓምዱን በቀይ፣ ማገሩን በሰማያዊ ሣልኩ። ነፋስ ከየት በኩል እንደሚመጣ በቀስት አሳየሁ። አባቴ በትከሻዬ በኩል ሲያይ ቆየና ተበሳጨ።

«ዳስ ይጣላል እንጂ ይሣላል እንዴ?»

«አባዬ፣ ሱካ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«አገር ቤት ሳለን በበዓለ መጸለት ሱካ አንሠራም ነበር። ቤታችን ራሱ ሱካ ነበር። የሠርግ ዳስ ግን ስንቱን ጥያለሁ!»

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ በዓሉን ምኵራቡ ባዘጋጀው ሱካ ውስጥ ነበር የምናሳልፈው። ዓምዱም ጣራውም አልቆለት እናገኘዋለን፤ ገብተን መብላት ነው። ጣራው ከምን እንደሚሆን፣ ከምን እንደማይሆን ጠይቀን አናውቅም። እኔም አልጠየቅሁም። የእንጨት ሊቅ ስለ እንጨት ማንን ይጠይቃል?

ከመሐሳናችን ጎን አንድ የአልጋ ፋብሪካ አለ። የበዓሉ ሰሞን በደጃፉ ሳልፍ፣ ትርፍ የአልጋ ርብራብ ከውጭ ቆልለው «ውሰድ» አሉኝ። ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ንጹሕ ጥድ! የተላገ፣ በምድጃ የደረቀ፣ ጉጥ የሌለበት። አራት ዓመት በስክሪን ሳፈቅረው የኖርኩት እንጨት እፊቴ ተጋድሟል። በመኪና ጭኜ ወሰድኩት። ከሕንጻችን ግቢ ውስጥ ዓምዶቹን አቆምኩ፣ ማገሩን አያያዝኩ፣ ርብራቡን ከላይ ደረደርኩት። ክፍተቱን እኩል በእኩል አድርጌ ለካሁ። ኮከብ መታየት አለበት ሲባል ሰምቼ ስለነበር ኮከቦቹ ራሳቸው ተሰልፈው እንዲታዩ አድርጌ ሠራሁት።

ሰፈሩ ወጥቶ አደነቀ። ማዛል የምትባል የቫአድ ባይት፣ ማለት የሕንጻው ኮሚቴ ሹም፣ በስልኳ ፎቶ አነሣችው። እናቴ «ዐይን እንዳይበላው» እያለች ዙሪያውን ዞረች። በበዓሉ የመጀመሪያ ምሽት ገብተን በላን፤ አባቴ በሱካ የመቀመጥን ቡራኬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ባረከ። እኔ በልቤ ለምንወልደው ልጅ ስም እያወጣሁ ነበር።

አባ አድማሱ በበዓሉ መካከል ባሉት ቀናት፣ በአንዱ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሺራና እናቷ አብረዋቸው ነበሩ። ሺራ ነጭ ለብሳለች፣ ፊቷ ግን የፈተና ቀን ፊት ነው። አባ አድማሱ ከመግባታቸው በፊት ዓምዱን በጡጫ ቆርቆር አደረጉት። አልተነቃነቀም።

«ደህና ነው» አሉ። በጆሮዬ እልልታ ሰማሁ።

ተቀመጡ። ምግቡ ቀረበ። አባ አድማሱ ዳቦውን በሁለት እጃቸው ያዙና ሊባርኩ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። ዓይናቸው ግን ሰማይ አልደረሰም፣ መንገድ ላይ ቀረ።

«ይኼ ላያችን ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ልቤ በደስታ ዘለለ። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም!

«ጥድ ነው አባ! ንጹሕ ጥድ። በምድጃ የደረቀ፣ እርጥበቱ በልክ የወጣለት።»

«መልካም። ከየት ቆረጥከው?»

«እኔ አልቆረጥኩትም፣ ከፋብሪካ ነው። ጠርዙን ይዩት እስቲ፣ እንዴት እንደተላገ! እጅዎን ቢያሳልፉበት አይወጋዎትም።»

ሺራ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። የፍቅር መሰለኝ። ቀጠልኩ።

«ለምን የተሠራ ነው?» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

«የአልጋ ርብራብ ነው! ከሁሉ የበለጠው ዓይነት! ሁለት ሰው ተጋድሞ ቢገላበጥበት አይሰበርም!»

ለልጅቱ አባት ነው የምለው። በልጅቱ ፊት። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዋእ!» አሉ አባ አድማሱ። ትግርኛ ተጀመረ፣ ጉድ ፈላ።

ዳቦውን ወደ ሳህኑ መለሱት። «ልጄ፣ የሱካ ጣራ፣ ስኻኽ የምንለው፣ ከምድር የበቀለ፣ ከምድር የተቆረጠ ነው። ግን ዕቃ የነበረ ነገር አይሆንም። ፓሱል ነው፣ አይቆጠርም። ወንበር አይሆንም፣ በር አይሆንም። አልጋም አይሆንም።» ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። «አሁን ያለነው አልጋ ሥር ነው። አልጋ ሥር ቁጭ ብዬ ልባርክ?»

አያችሁ ዕድሌን? አራት ዓመት የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ እንጨትን ዕቃ ማድረግ። ከዓመቱ በዓል ሁሉ ዕቃ ያልሆነ እንጨት የሚፈልግ አንድ በዓል ነው ያለ። ፈተናዬ እሱ ላይ ወደቀ።

«የመጀመሪያው ምሽት የባረክሁትስ?» አለ አባቴ ፈርቶ።

«አልጋ ነው የባረክህ» አሉት።

አባ አድማሱ ተነሥተው ኮፍያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ሊሄዱ ነው። እኔ አንድ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ ነገር ቢኖር ስለ ጥድ እርጥበት ነበር፣ ዘጋሁት። ያኔ ሺራን አየኋት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ እንዳይወርድ አንገቷን ቀና አድርጋ ይዛዋለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ፈተና መስሎኝ ነበር፤ ብወድቅ እደግማለሁ የምለው ዓይነት። ያን እንባ ሳይ ግን ገባኝ። ይቺን ልጅ ላጣት ነው፣ ያውም በአልጋ ርብራብ።

«አባ፣ ረጋ፣ አንዲት ደቂቃ» አለች ሺራ። «ቀኑ ገና ነው። ጣራውን እንቀይረዋለን። እሺ? በሰደር?»

አባ አድማሱ አዩዋት። በሰው ሁሉ ይጨክናሉ፣ በእሷ ግን አይሆንላቸውም። ኮፍያቸውን ትተው ኮታቸውን አወለቁ።

«መጋዝ አለ?»

ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ፊኩስ አለ። አባቴ «ይኼማ ዋርካ ነው» ይለዋል። ፍሬው መኪና ላይ እየወደቀ ስለሚያቆሽሽ ጎረቤት ሁሉ ሲረግመው ይኖራል። ቅርንጫፍ ብንቆርጥ ይፈቀዳል ወይ ብለን ወደ ማዛል መስኮት ተጣራን። በዕብራይስጥ መለሰችልን፤ «ቁረጡት! ከፈለጋችሁ ሥሩንም ጨምራችሁ ውሰዱት!»

አባ አድማሱ መጋዙን ለእኔ ዘረጉልኝ። «በል ዶክተር፣ ጀምር።»

ዛፉ ሥር ቆምኩ። እሱም ቆመ። የዚህን ዛፍ ዘመዶች የሴል አቀማመጥ በቃሌ አውቀዋለሁ። መጋዝ በየት በኩል እንደሚያዝ ግን ትምህርቱ ላይ አልተነሣም፤ ለማስተርስ አቆይተውት ይሆናል። አንዱን ቅርንጫፍ ይዤ ፈገፈግሁ፣ ፈገፈግሁ። ቅርንጫፉ ምንም አልሆነም። ከላይ አንድ ወፍ ጎንበስ ብላ አየችኝና ሳትፈራ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ጥርሱን ወደ ላይ አድርገህ እኮ ነው የያዝከው» አለ አባቴ፣ በኀፍረት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባ አድማሱ መጋዙን ነጠቁኝ፣ አባቴም ከጎረቤት ሌላ ተዋሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው ቅርንጫፍ መቁረጥ ሳይሆን ውድድር ነው። አባቴ አንድ ሲቆርጥ አባ አድማሱ ወፍራሙን ይቆርጣሉ። አባ አድማሱ ወፍራም ሲቆርጡ አባቴ መሰላል ያመጣል። «እኛ ጎንደር…» ይላል አንዱ። «እኛ ሽሬ…» ይላሉ ሌላው። የፊኩሱ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል፣ ሁለቱም ከዐንገት እስከ ክርን ተጣብቀዋል፣ ግን ማን ይተዋል? እኔና ሺራ ርብራቡን አንድ በአንድ ፈታን። ስንጨርስ ግቢው መሐል የተቆለለው ቅርንጫፍ ከሱካው ይተልቅ ነበር።

ቁልሉን ሳየው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከትምህርቴ ሁሉ አንደኛ የወጣሁበት ነገር። እንጨትና ውሃ።

«አባ» አልኩ፣ «ይኼ እኮ እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ውስጡ ውሃ ነው፣ በጣም ይከብዳል። ማገሩን የሠራሁት ለደረቅና ለቀጭን ነው። ጥቂት እናድርግበት፣ ይኼን ሁሉ አይችለውም።»

«ዝም ብለህ አቀብል።»

«አባዬ፣ አንተ እንኳ ንገራቸው።»

«እኔ ስንት ዳስ ጥዬ እንጨት ከብዶኝ አያውቅም» አለ አባቴ። መሰላል ላይ ሆኖ ነው።

«እርጥበቱ…»

«አንተን ስለ አልጋ ሲሆን እንሰማሃለን» አሉ አባ አድማሱ።

አራት ዓመት ተምሬ ለሰው የምትጠቅም አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናገርኩ። እሷንም እንዲህ ቀበሯት። እኔ ምን አገባኝ? አቀበልኩ። ቅጠሉ ተደረበ፣ ተደራረበ። ሱካው ውስጥ ጥላ ወረደ፣ ደስ የሚል ቀዝቃዛ ሆነ። እውነት ለመናገር ከርብራቡ ይልቅ ያምር ነበር። ጉንዳንም አብሮ ገባ፣ እሱንም እንግዳ ነው ብለን ተውነው።

እንደገና ተቀመጥን። አባ አድማሱ ቀና ብለው ጣራውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ሱካ ሆነ።» ዳቦውን አንሥተው ባረኩ፣ «አሜን» አልን። ቆርሰው ለሁላችን አደሉ። ሺራ ከማዶ ሆና ፈገግ አለችልኝ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳልውጥ ከላይ ቋቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ መምህሬ በስክሪን አሰምተውናል። እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይናገራል ብለውናል።

«ተነ…» አልኩ።

«ሱ» እስክል አልጠበቀኝም። ማገሩ ለሁለት ሄደ፣ የፊኩሱ ዘር ማንዘር ሁሉ በራሳችን ላይ ወረደ። አባቴ ጠረጴዛው ሥር ገባ። እናቴ የት እንደገባች አልታየችም። እኔ ከነወንበሬ ወደ ኋላ ተንጋለልኩ። እግዜር ይመስገን ማንም አልተጎዳም፤ ቅጠሉ ወፍራም ስለነበር እንደ ፍራሽ ነው ያረፈብን።

ከዚያ የቅጠሉ ክምር ተንቀሳቀሰና አባ አድማሱ ከመሐሉ ተነሡ። ኮፍያቸው የለም። ግንባራቸው ላይ ነጭ ወተት፣ ጺማቸው ውስጥ ቅጠል፣ እጃቸው ላይ አሁንም ያ ዳቦ አለ። በዳቦው ጠቆሙኝ።

«አንተ! አንተ ልጅ! ሰማይና ምድር ይስሙኝ! በሠርጋችሁ ቀን ዳሱ አጠገብ እንዳላይህ! ምስማር ትነካና፣ እንጨት ታነሣና…! ዳሱን የምጥለው እኔው ራሴ ነኝ!»

ያን ጊዜ ከቅጠሉ ሥር፣ ከወደ ግራ በኩል፣ እናቴ የት እንደነበረች ታወቀ።

«እልልልልልል!»

«ምን ሆነች?» አሉ አባ አድማሱ ደንግጠው።

የሺራ እናትም ከወደ ቀኝ ተቀበለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር፤ ለካ ጉሮሯቸውን ለዚህ እያቆዩት ነው። ማዛል በመስኮት ብቅ ብላ፣ ነገሩ ሳይገባት አጨበጨበች።

አባቴ ከጠረጴዛው ሥር በእንብርክኩ ወጣ፤ አፉ ውስጥ የገባውን ቅጠል ተፋና፣ «ሠርጋችሁ አሉ አባ አድማሱ» አለ። «ሁላችንም ሰምተናል። ቃልዎ ወጣ።»

«ተቆጥቼ ነው!»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«አባ» አለች ሺራ። ፀጉሯ ቅጠል ነው፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። «ሠርግ እኮ በአዳራሽ ነው የሚደረገው። አዳራሽ ውስጥ ዳስ የለም።»

«አለ!» አሉ አባ አድማሱ እግራቸውን መሬት መትተው። «ባይኖርም አዳራሹ ውስጥ እጥላለሁ!»

ካሉ በኋላ ምን እንዳሉ ሰሙት። አፋቸውን ከፈቱ፣ ሺራን አዩ፣ መልሰው ዘጉት። ጺማቸው ውስጥ ያለውን ቅጠል አወጡ፣ አገላብጠው ተመለከቱትና ወዲያ ጣሉት።

«በሰደር» አሉ፣ ድምፃቸው በርዶ። «ግን እሱ ዳሱን አይነካም።»

«አይነካም!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ፤ ከሁሉም ድምፁ ጎልቶ የተሰማው የሺራ ነበር።

«አልነካም!» ብዬ እኔም ከቅጠሉ ሥር እንደተንጋለልኩ ማልኩ።